የቅዳሜዋ አውሮፕላን

አምቦ፣ ጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለኦሊቃ፣ ሚኒሶታ

የጌታችን ሰላም ካለህበት ይድረስህ። አከም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ ኮ? እንዴት ነህ፣ ወንድሜ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

በስልክ ልነግርህ የምችለውን ነገር በደብዳቤ የምጽፍልህ አባዬ ስላዘዘኝ ነው። ታውቀው የለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ቆሞ ማኅተም የመታ ሰው፣ ነገር በወረቀት ካልመጣ የመጣ አይመስለውም። «በስልክ ደኅና ነህ፣ ደኅና ነኝ ተባብላችሁ ትዘጋላችሁ። ጻፊለት» አለኝ።

ከአራት ዓመት በፊት የላክኸው ፎቶ አሁንም ሳሎን ከሰዓቱ በታች ተሰቅሏል። አውሮፕላኗ አጠገብ ቆመህ እጅህን ክንፏ ላይ ያሳረፍክበት ማለቴ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባዬ ይነሳና «የወንድሜ ልጅ ነው፣ እዚሁ ቤት ነው ያደገው። አሁን ካፒቴን ነው» ይላል። ጎረቤታችን ኦቦ ይገዙ ባለፈው «ስንት ሰው ትጭናለች?» ብለው ጠየቁት። መልሱን ስላላወቀ ጻፊና ጠይቂው ብሎኛል።

ሌላው ነገር፣ የአባዬ ዓይን ትንሽ ደክሟል። በገና ማግስት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ደረጃ ስቶ ወደቀ። ክፉኛ አልተጎዳም። ከምሠራበት ፍርድ ቤት ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ አዲስ አበባ አሳየሁት፤ ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። ያዘዘለት ጠብታ እዚህ አንዴ ይገኛል፣ አንዴ ይጠፋል። የመድኃኒቱን ስም በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዤዋለሁ። ወደፊት ቀዶ ጥገናም ሊያስፈልግ ይችላል ተብሏል። ይህን አትጻፊለት ስላለኝ በዚሁ ልተወው።

ሰላምታ ካንተ ጋር ላሉት ሁሉ።

እህትህ ሃዋኒ ዋቆ


ሚኒሶታ፣ መጋቢት 5 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሃዋኒ

እንደምን ሰነበትሽልኝ? አባባስ? እኔ ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።

ጠብታውን እዚህ ያለ ሐኪም በላክሽው ወረቀት መሠረት አዘዘልኝ። የስድስት ወሩን ገዝቼ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገር ቤት ለምትመጣ ወርቅውሃ ለምትባል ጓደኛዬ ሰጥቻታለሁ። አዲስ አበባ ስትደርስ ትደውልልሻለች። አባባ መውደቃቸውን አንብቤ ቀኑን ሙሉ ሥራዬን ሳበላሽ ዋልኩ።

አራት ሰው ነው የምትጭነው በያቸው። አራቱም ከወፈሩ ግን ሦስት። አውሮፕላኗ የእኔ ብቻ አይደለችም፣ የሦስት ሰው ናት። አንዱ ዋልተር የሚባል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሌላው የወተት ላም የሚያረባ ሽማግሌ ነው። አውሮፕላኗ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ላይ ስለሆንኩ የምበረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ካፒቴን ስለሚሉት ነገር ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አሁን አባባ የሚወዱትን ዓይነት ወሬ ልጻፍ፤ አንብቢላቸው። እዚህ አዲስ ደንብ መጥቷል። እስካሁን አውሮፕላንን የሚፈልገው ራዳር ነበር፤ ምድር ላይ ቆሞ ሰማዩን ያስሳል። ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ግን አውሮፕላኑ ራሱ መናገር አለበት። አንድ ትንሽ መሣሪያ ይገጠምበታል። መሣሪያው በየሴኮንዱ «እዚህ ነኝ፣ ከፍታዬ ይህን ያህል ነው፣ ወደዚህ እየሄድኩ ነው» እያለ ያስተላልፋል። ያልገጠመ፣ ከትልቁ አየር ማረፊያ ዙሪያ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ መብረር አይችልም። ከአምቦ ተነስቶ ጊንጪን እስከማለፍ ማለት ነው። እኛ የምንነሳበት ትንሽ ሜዳ ደግሞ እዚያው ክልል ውስጥ ነው ያለው።

ደንቡ ክፉ ነው አልልም። ሁለት አውሮፕላን በጭጋግ እንዳይጋጭ ያደርጋል። ለትልልቆቹ አየር መንገዶች ዋጋው ምንም ማለት አይደለም። ለእኛ ግን መሣሪያውና ማስገጠሚያው ተደምሮ የአውሮፕላኗን ዋጋ ሩብ ያህላል። እሑድ እሑድ ሜዳው ላይ የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች ወሬያቸው ሁሉ ይኸው ሆኗል።

ቀዶ ጥገናው ካስፈለገ ጻፊልኝ። የመሣሪያውን መዋጮ እስክጨርስ ጥቂት ወር ታገሱኝ እንጂ አልቀርም።

ወንድምሽ ኦሊቃ


አምቦ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኦሊቃ

የትንሣኤው ጌታ ሰላሙን ያብዛልህ። መድኃኒቱ በሰላም ደርሶናል፣ ገለቶሚ፣ እናመሰግናለን። ደብዳቤህን ለአባዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። አሁን አጠገቤ ተቀምጦ ነው የምጽፈው። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ቃል ነው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

«ልጄ ኦሊቃ፣ መሣሪያውን ግዛ። የት እንዳለህ የሚናገር ነገር መልካም ነው። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ከካቺሲ የመጣ አደራ ደብዳቤ የት እንደደረሰ እንዲታወቅ ሦስት ቦታ ይፈረምበት ነበር። ፊርማው የሌለበት ሲጠፋ ማን ይጠየቃል? ለእኔ ዓይን ብለህ ከሰማይ እንዳትወርድ። እኔ ማየት የነበረብኝን አይቻለሁ። ሃዋኒ ሌላ ነገር ብትጽፍልህ አትስማት።»

የአባዬ ቃል እዚህ ላይ ያበቃል።

ሐኪሙ ጋ ተመልሰን ነበር። ቀዶ ጥገናው በቅርቡ ቢሆን ጥሩ ነው ብሏል። ኦቦ ይገዙ ደግሞ «ካፒቴን ቅዳሜ ብቻ ነው እንዴ የሚበረው?» ብለው ጠይቀዋል። አባዬ «አሜሪካ እንደዚያ ነው» ብሎ መለሰላቸው።

እህትህ ሃዋኒ


ሚኒሶታ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሃዋኒ

ሰላም ለአንቺና ለአባባ ይሁን። ስድስት ወር ሙሉ ስላልጻፍኩ ይቅርታ አድርጉልኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ላም አርቢው ሽማግሌ ተወን። አንድ ቅዳሜ መጣና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዋልተር «ምነው?» ሲለው «ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሐኪም እንድበር የሚፈቅድልኝ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው። ለሁለት ዓመት ብዬ ለመሣሪያ ይህን ያህል አላወጣም» አለ። አርባ ዓመት የበረረ ሰው ነው። ወደ መኪናው ሲሄድ አውሮፕላኗን ዞሮ አላያትም። ከዚያ ወዲህ ሜዳው ላይ አልመጣም። እንደሱ ያሉ ሌሎች ሦስት አሉ፤ አንዱ አውሮፕላኑን ራቅ ወዳለ ገጠር ወስዶ አቆመው፣ ሁለቱ ሸጡ።

የሽማግሌውን ድርሻ እኔና ዋልተር መግዛት ነበረብን፤ ያለዚያ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል። ስለዚህ አሁን ለመሣሪያው የምናዋጣው ለሦስት ሳይሆን ለሁለት ሆነ። ለዚህ ነው ቃሌን ያልጠበቅሁት። የአባባን ነገር አልረሳሁም። ጠብታው እንዳያልቅ ሌላ ስድስት ወር የሚሆን ልኬያለሁ።

አባባ እንዴት ናቸው? ስለ ዓይናቸው በደንብ ጻፊልኝ።

ኦሊቃ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኦሊቃ

ሰላም ለአንተ ይሁን። ጠብታው ደርሷል።

በደንብ ጻፊልኝ ስላልክ እጽፋለሁ። የአባዬ የግራ ዓይን በጣም ደክሟል። ቤት ውስጥ ግድግዳ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው፤ እኔ ሳየው እጁን ወደ ኪሱ ይከታል። ጋዜጣ አንብቢልኝ አይልም፤ «ዛሬ ምን አለ?» ነው የሚለው። የሚያነብለት ሰው እንደማይፈልግ ለማስመሰል ነው።

ክሊኒኩ ለተሻለው ለቀኙ ዓይን የቀዶ ጥገና ቀን ይሰጣል፤ ክፍያው ግን ቀድሞ ይፈለጋል። ያለኝን ሁሉ ብጨምር ግማሹን አይሞላም። የመንግሥቱ ሆስፒታል ወረፋው ረጅም ነው።

ኦሊቃ፣ አንድም ቀን ገንዘብ ጠይቄህ አላውቅም። አሁን እየጠየቅሁህ ነው። አባዬ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አያውቅም።

ሃዋኒ


ሚኒሶታ፣ ሰኔ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሃዋኒ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አጭር ነው የምጽፈው።

አውሮፕላኗን፣ ማለት ድርሻዬን፣ ሸጫለሁ። ገዢው በየወሩ ነው የሚከፍለኝ። እስከዚያው ለምርመራውና ለመድኃኒቱ የሚሆን ትንሽ ልኬያለሁ፤ የቀዶ ጥገናውን ደግሞ ክፍያው ሲገባልኝ አስከትላለሁ። ለአባባ የእኔን አለመብረር አትንገሪያቸው። ወይም ንገሪያቸው፣ እንደመሰለሽ።

ኦሊቃ


አምቦ፣ የካቲት 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኦሊቃ

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ከሰኔ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም።

የላክኸው ለሁለት ጊዜ ምርመራና ለመድኃኒት ሆኗል። አውሮፕላኗን መሸጥህን ለአባዬ ነገርኩት።  ማታ ራት ላይ «መሣሪያውን ግዛ አልኩት እንጂ ሽጥ አላልኩትም» አለ።

የፍርድ ቤታችንን ኮምፒውተሮች የሚጠግን ኢዮሲያስ የሚባል ልጅ አለ። በገና ሰሞን የአባዬን ሬዲዮ ሊያይለት ቤት መጣ። አባዬ እንደ ልማዱ ፎቶህን አሳየው። የተሸጠችበትንም ምክንያት ነገረው፤ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ደንቡ፣ አንተ እንደጻፍክለት። ኢዮሲያስም «እንግዲያው የገዛት ሰው መሣሪያውን ካስገጠመላት እኮ በስልክ ትታያለች» አለ። ፎቶውን አውርዶ ጎኗ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበበና በስልኬ ላይ አስገባው። አውሮፕላኖች ሁሉ በካርታ ላይ የሚታዩበት ነገር አለ፤ እንዲያውም አልፈው የሄዱበት መንገድ ይቀመጣል።

አገኘናት። ከታኅሣሥ መጨረሻ ወዲህ አምስት ቅዳሜ ተነስታለች። እኛ ዘንድ ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን ነው፤ እናንተ ዘንድ ጠዋት መሆኑን ኢዮሲያስ ነገረን። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ ወንበሩን ወደ እኔ ያስጠጋል። «የት ደረሰች? ከፍታዋስ? ወደየት ዞረች?» ይለኛል። እኔ የማየውን እነግረዋለሁ። ያለፈው ሳምንት ወደ ሰሜን ሄዳ አንድ ሐይቅ ላይ ሦስት ጊዜ ዞረችና በመጣችበት ተመለሰች። አባዬ «የገዛት ሰው ረጋ ያለ ነው» አለ። 

ክሊኒኩ ቀኑን ለሦስተኛ ጊዜ አዛውሮልናል። ይህን የምጽፈው እንድታውቀው ብቻ ነው፤ ምንም እየጠየቅሁህ አይደለም። የገዢውን ስም ግን ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል። አባዬ ማወቅ ይፈልጋል።

ሃዋኒ


ሚኒሶታ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሃዋኒ

ሰላምታ ለመጻፍ አፍሬ ነበር፤ ቢሆንም ሰላም ለአንቺ ይሁን። ስልክ ብደውል ብደውል አታነሺም። መብትሽ ነው።

የገዢው ስም ኦሊቃ ነው።

ምንም አልሸጥኩም ነበር። ሰኔ ላይ ስጽፍልሽ ልሸጥ ወስኜ ነበር። ማስታወቂያውን በእጄ ጽፌ ሜዳው ላይ ካለው ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። አልለጠፍኩትም። ነሐሴ ላይ መሣሪያውን አስገጠምን። ለአባባ ዓይን ያልኩት ገንዘብ እዚያ ገባ። «እስከ መስከረም ሌላ አጠራቅማለሁ» አልኩ፤ ከዚያ «እስከ ገና» አልኩ። በየቀኑ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት አላጣሁም።

እኔ ካፒቴን አይደለሁም፣ ሃዋኒ። የከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነኝ። አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬን ስቀይር፣ ዘይት ስደፋ ነው የኖርኩት። እንደ መንጃ ፈቃድ ያለ የበረራ ፈቃድ አውጥቼ ለራሴ የምበር ሰው ነኝ እንጂ በመብረር ሳንቲም አግኝቼ አላውቅም። ፎቶውን ስልክላችሁ ማብራሪያ አልጻፍኩበትም ነበር። አባባ ካፒቴን ብለው ሲጠሩኝ ደስ አለኝ፤ ሳላርመው ስድስት ዓመት አለፈ። ጋራዡ ውስጥ ስሜን በትክክል የሚጠራው ሰው አንድ ወይ ሁለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ተነስቼ በሬዲዮ ስናገር ሰው ይመልስልኛል። ከላይ ሆኜ የታረሰ መሬት ሳይ በልጅነቴ ከእጃጂ ወደ አምቦ በአውቶቡስ ስመጣ በመስኮት አየው የነበረው ይመስለኛል። ይህ ምክንያት አይደለም። እንዲያው እንድታውቂው ነው።

እዚህ ያሉ በራሪዎች መሣሪያውን «መንግሥት ሊከታተለን ነው» እያሉ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። እኔ ማንም አየኝ አላየኝ ግድ አልነበረኝም። አባባ አምቦ ተቀምጠው ሊከታተሉኝ ይችላሉ ብዬ ግን አላሰብኩም። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ሐይቁ ላይ ሦስት ጊዜ ዞረች የሚለው ላይ ስደርስ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ።

አሁን በእርግጥ ሸጫለሁ። ዋልተር ድርሻዬን ወሰደው። በኮሮና በሽታ ምክንያት ዋጋው ወርዷል፤ አልተከራከርኩም። ገንዘቡ በሙሉ በስምሽ ባንክ ገብቷል። እባክሽ ነገ ሳትዪ ዛሬ ውሰጃቸው።

ኦሊቃ


አምቦ፣ መስከረም 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኦሊቃ

የጌታ ሰላም ይድረስህ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ።

ደብዳቤህ እጄ የገባው ነሐሴ ላይ ነው። ገንዘቡ ግን ሚያዝያ መጨረሻ ደርሶ ነበር። በማግስቱ ክሊኒኩ ደወልኩ። በኮሮና ምክንያት ከድንገተኛ በቀር አንቀበልም፣ ሰኔ መጨረሻ ኑ አሉኝ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሁከት ተነስቶ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ። ሐምሌን ሙሉ ከቤት አልወጣንም። አንድ ጠዋት አባዬ አልጋው ላይ ተቀምጦ «መስኮቱን ክፈቺው» አለኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ከፈትኩት አልኩት።

ነሐሴ 12 ቀን ወሰድኩት። ሐኪሙ መብራቱን አጥፍቶ እንደገና አበራ፤ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ። አባዬ ግን «እዚሁ ተናገር፣ ጆሮዬ ደኅና ነው» አለ። ሐኪሙም «አባት፣ ግፊቱ ነርቩን ጨርሶታል። አሁን ቀዶ ጥገና ብናደርግ የምናድነው ነገር የለም» አለው። አባዬ «አመሰግናለሁ» ብሎ ተነሳ። ኮፍያውን ፈልጌ ሰጠሁት።

ስንመለስ አዲስ ዓለም ላይ አውቶቡሱ ቆመ። «የት ነን?» አለ። ነገርኩት። «ኮረብታው ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ትታያለች?» አለኝ። ትታያለች አልኩት። «ዛፎቹ አልጋረዷትም?» አለ። አልጋረዷትም አልኩት። 

ኦሊቃ፣ እኔም የምነግርህ አለኝ። በ2010 ጥር ሐኪሙ በግልጽ «ከስድስት ወር እንዳያልፍ፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ነው የምናድነው» ብሎኝ ነበር። እኔ የጻፍኩልህ «ሊያስፈልግ ይችላል» ብዬ ነው። ቀጥሎም «በቅርቡ ቢሆን ጥሩ ነው» አልኩ። መጀመሪያ አባዬ ስለከለከለኝ ነው። ኋላ ግን የአባዬ ትእዛዝ አልነበረም። አንተ ራስህ እስክትጠይቀኝ እየጠበቅሁ ነበር። «ስንት ጊዜ አለን?» ብለህ እስክትጠይቅ። አልጠየቅኸኝም፤ እኔም አልነገርኩህም። ገንዘብ ለምኜ ስጽፍልህ እንኳ ያቺን አንዲት መስመር አስቀረኋት። ፍርድ ቤት ተቀምጬ የሰውን ቃል ሳላጓድል እጽፋለሁ፤ የአባቴን ግን አጓደልኩ። ስልክህንም እያየሁ ነው ያላነሳሁት።

አውሮፕላኗን ያኔ እንዳልሸጥክ ለአባዬ ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለኝ።

«ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«ግዛ ያልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለኝ።

ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል። ምን ላድርገው?

ሃዋኒ


ሚኒሶታ፣ ኅዳር 15 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሃዋኒ

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ስለ ስድስት ወሩ የጻፍሽውን አንብቤ ልቆጣሽ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ብጠይቅ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር፤ ከነገርሽኝ ደግሞ መሸጥ ይኖርብኝ ነበር። ሳስበው ያልጠየቅሁት ለዚህ ይመስለኛል።

ገንዘቡ የአባባ ነው። እሳቸው ያሉትን አድርጊ።

ከዚህ ጋር ለእሳቸው የጻፍኩት አራት ገጽ አለ። እባክሽ አንብቢላቸው። ምንም አታስቀሪ፣ ምንም አታለሳልሺ። ጋራዡን ጽፌያለሁ፣ ውሸቱን ጽፌያለሁ። የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን ስበር ያየሁትን ጽፌያለሁ፤ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ወንድምሽ ኦሊቃ


አምቦ፣ ጥር 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኦሊቃ

የጌታ ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን፣ ኦቦሌሳ ኮ። ደብዳቤህ ከገና ሁለት ቀን ቀድሞ ደረሰ። ፖስታ ቤት ያሉት ልጆች የአባዬን ስም አይተው ራሳቸው ቤት ድረስ አመጡት። አባዬ ፖስታውን በእጁ ዳስሶ ቴምብሩ የት ጋ እንደተለጠፈ ፈለገ፤ ጠርዙ ላይ ያለውን ማኅተም በጣቱ ነካካና «ንጹሕ ነው የተመታው» አለ። ከዚያ ክፈቺው አለኝ።

እንዳልከኝ አነበብኩለት። አላለሳለስኩም። ስለ ጋራዡ ሳነብ ራሱን ነቀነቀ። «አስራ ሦስት ዓመት አንድ ቦታ?» አለ። አዎን አልኩት። «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው» አለ። ፎቶውን ሳታብራራ ስለመላክህ ሳነብ ፈገግ አለ። «ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ኦቦ ይገዙ ነግሮኛል፤ የአየር መንገድ ካፒቴን ዩኒፎርም ይለብሳል ብሎኛል። እኔ ነኝ ማለቱን ያልተውኩት» አለኝ። ይህን አላውቅም ነበር። አንተም አታውቅም።

ስለ ገንዘቡና ስለ ውሸቱ የጻፍከውን ሳነብ ግን ፈገግታው ጠፋ። ድገሚልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት።  «አዝኛለሁ በይው» አለኝ። «ዓይኔን ስላጣሁ አይደለም። አንድ ቀን ደውሎ አባባ አውሮፕላኔን መሸጥ አቃተኝ ቢለኝ ኖሮ፣ አትሽጥ እለው ነበር። በራሱ አፍ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀኝም።» እንዳለው ጻፍኩት።

ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ጨርሼ ሦስተኛውን ገለጥኩ። «ብቻዬን የተነሳሁበት ቀን» ብለህ የጀመርክበት ነው። አንድ መስመር እንዳነበብኩ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ያዘው።

«ይብቃሽ» አለኝ።

«ሁለት ገጽ ይቀራል፤ ምንም አታስቀሪ ብሎኛል» አልኩት።

«አታስቀሪ ያለሽ እሱ ነው፤ እኔ አንብቢ አላልኩሽም። ይህን ከእሱ ነው የምሰማው። መጥቶ ይንገረኝ።»

ገንዘቡን ምን እናድርገው ብዬ ጠየቅሁት። ትኬት ቁረጪለት አለ። መልስህ ሲደርሰኝ ወደ አዲስ አበባ እወርዳለሁ፤ ትኬቱን እዚያው በብር መቁረጥ ይቻላል ብለውኛል። የፓስፖርትህን ቁጥርና ከሥራ ፈቃድ የምታገኝበትን ቀን ላክልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስትደውል ስልኬን አነሳለሁ።

ሁለቱ ገጾች ፖስታው ውስጥ ናቸው። አባዬ ትራሱ ሥር አስቀምጧቸዋል። እኔም አላነበብኳቸውም።

እህትህ ሃዋኒ